ከአፍ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ የባሩድ ዘመን ቃላት በአማርኛና በስዋሂሊ

በአማርኛ ለመተኮስ የተዘጋጀ ጠመንጃ «ጎርሷል» ይባላል። የዛሬው ጠመንጃ ጥይቱን የሚቀበለው ከኋላው ነው፤ በአፈሙዙ በኩል የሚገባ ነገር የለም። ግሡ ግን መሣሪያው ከተለወጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ከአፍ ስለሚገባ ጉርሻ መናገሩን አልተወም። እንዲህ ያለ ቅሬት ለቃላት ታሪክ አጥኚ እንደ ገል ስባሪ ነው፤ የጠፋውን እንስራ ቅርጽ ከስባሪው ጥምዝ መገመት ይቻላል።

እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የአማርኛ የጦር መሣሪያ ስሞች በአመዛኙ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። መሣሪያው የሚሞላባቸውና የሚተኮስባቸው ግሦች ግን ከማእድ፣ ከከብት በረትና ከቀስት የተወሰዱ የአገር ቤት ግሦች ናቸው። ምክንያቱ በመሣሪያው ባሕርይ ውስጥ ይገኛል፦ ከአፉ የሚሞላ ጠመንጃ ባለቤቱን ሰፋሪ፣ ወታፊ፣ ጠቅጣቂና ለኳሽ ያደርገዋል፤ ሥራው ለቤት ሥራ የቀረበ ነው። የስዋሂሊ ማስረጃም ወደዚሁ ያመራል። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱን ለመመርመር አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ይገባል፤ ሥራው ደግሞ በግልጽ የሚታየው ለጀማሪ ሲያስተምሩት ነው። ዛሬ ይህ ትምህርት በስፋት የሚሰጠው በሰሜን አሜሪካ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከአፉ በሚሞላ ጠመንጃ ብቻ የሚታደንበት የተለየ ወቅት ይመድባሉ፤ ወጣቶችም ከአባቶቻቸው ጋር ወጥተው ይማሩበታል። ለወጣት የሚመረጠው ጠመንጃ ቀላል፣ ሰደፉ ለክንዱ ልክ ያጠረ፣ በባልጩት ሳይሆን በመቀጣጠያ ቆብ የሚነሣ፣ ጥቂት ባሩድም የሚበቃው ነው። ሰደፉ ከረዘመ ልጁ ጉንጩን አስተካክሎ ማነጣጠር አይችልም፤ ባሩዱ ከበዛ ርግጫው ያስፈራውና ከመተኮሱ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ይህን የለመደ አዳኝ ለማስተው ብዙ ዓመት ይፈጃል።

አሞላሉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በመፈተሻ ዘንግ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ባሩዱ በመስፈሪያ ይሰፈራል፤ ከቀንዱ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ከበፊቱ ተኩስ የቀረ ፍም ቢኖር እሳቱ ወደ ቀንዱ ይዘላልና። የተሰፈረው ባሩድ በአፈሙዙ ይጨመራል። ቀጥሎ በቅባት በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለው የእርሳስ ድቡልቡል አፉ ላይ ይቀመጥና በዘንጉ ወደ ታች ይገፋል፤ ባሩዱ ላይ በደንብ እስኪያርፍ ድረስ ይጠቀጠቃል። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። በመጨረሻ፣ ተኳሹ ዒላማው ዘንድ ሲደርስ ብቻ፣ መቀጣጠያው ይደረጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊትም እጅም ከአፈሙዙ ትይዩ አይሆንም። ባሩዱም ጥቁሩ ባሩድ ወይም በእርሱ ምትክ የተሠራው ብቻ ነው፤ የዘመኑ ጢስ አልባ ባሩድ በእንዲህ ያለ በርሜል ውስጥ ገዳይ ነው።

ከዚህ አንቀጽ ግሦቹን ብቻ ለቅሞ ማውጣት ይበቃል፦ ሰፈረ፣ ጨመረ፣ ጠቀለለ፣ ገፋ፣ ጠቀጠቀ። አንዱም የጦር ሜዳ ቃል አይደለም። እህል የሚሰፍር፣ ጆንያ የሚጠቀጥቅ፣ የጋን አፍ በውታፍ የሚወትፍ ሁሉ ያውቃቸዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የትርጉም ጣጣ ማንሣት ይገባል። የአሜሪካው ወጣት የሚያድነው እንስሳ በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥለው የአጋዘን ዘመድ መሰል ፍጥረት ነው፤ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ የዚህ ወገን እንስሳ በተፈጥሮ የለም። መዝገበ ቃላት ተርጓሚዎች «አጋዘን» ይሉታል፤ አጋዘን ግን ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ፈጽሞ የማይጥለው፣ ከድኩላ ወገን የሆነ ነው። ደጋ አጋዘን የሚባለው በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኝ ሲሆን ለሳይንስ የተዋወቀው በ1910 ነው። የመዝሙረ ዳዊት ተርጓሚዎች ደግሞ «ዋላ» የሚለውን መርጠዋል። ስዋሂሊም ያው ችግር አለበት፤ ኩሉንጉ ድኩላ ነው፣ ስዋላ የሜዳ እንስሳ ነው፣ ፓአ ከሚዳቋ የማትበልጥ ናት። የአደን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ እነዚህ ቋንቋዎች በቃል በቃል ሲመለስ አዳኙ በአገሩ የሌለ እንስሳ ያሳድዳል።

ወደ ስሞቹ እንመለስ። ከሁሉ የሚቀድመው ነፍጥ ነው። የዐረብኛው ናፍጥ መጀመሪያ ከመሬት የሚፈልቅ ተቀጣጣይ ዘይት ነበር። በግብጽ በመምሉኮች ዘመን ቃሉ ከዘይቱ ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ወደ ባሩድ መሣሪያ ተሸጋገረ፤ ይህን ሽግግር ዳቪድ አያሎን በ1956 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ባሩድ የሚለውም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል፤ በዐረብኛ መጀመሪያ የጨው ዓይነት የሆነው የባሩድ አንድ ቅምም ስም ነበር፤ ኋላ የቅይጡ ሁሉ ስም ሆነ። ከሰሉና ድኙ ስማቸውን ሲያጡ ጨው ስሙን ለሦስቱም ሰጠ፤ በቅይጡ ውስጥ ሦስት አራተኛው ድርሻ የእርሱ ነውና አያስገርምም።

ነፍጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግእዝ ዜና መዋዕሎች ውስጥ ይገኛል። ያ ዘመን በ1541 ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞችና በሌላው ወገን ለኢማም አሕመድ ከኦቶማኖች የመጡት ነፍጠኞች በአንድ አገር ላይ የተገናኙበት ዘመን ነው። ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ ኢማሙም በ1543 ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቀ። ቃሉ ከመሣሪያው ጋር ገባ ማለት ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥም ቃሉ ቀረ። ዛሬ «ነፍጥ አነሣ» የሚባለው ክላሽንኮቭ ላነሣም ነው።

ጠመንጃ የሚለውን ቃል ለመከታተል ከናይሮቢ መካከል በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለችው ፓርክላንድስ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሰፈሩ ለረጅም ጊዜ የሕንድ ዝርያ ያላቸው ኬንያውያን መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ በአንድ ጎዳና ላይ ስዋሂሊ፣ ጉጅራቲ፣ ፑንጃቢ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ሊሰሙ ይችላሉ። ጉጅራቲው «ባንዱክ» ይላል፣ ስዋሂሊው «ቡንዱኪ»፣ ሶማሌው «ቡንዱቅ»። ሁሉም የዐረብኛው ቡንዱቅ ልጆች ናቸው፤ ቡንዱቅም ከግሪክኛ የመጣ የለውዝ ዓይነት ስም ነው፤ ከለውዙ ወደ ድቡልቡል ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወደ ወርዋሪው መሣሪያ ተሻገረ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አማርኛ የለበትም። ነገር ግን ያው ጉጅራቲ ተናጋሪ ለሽጉጥ «ታማንቾ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ በሂንዲም «ታማንቻ» ነው፤ በቱርክኛ «ታባንጃ» ነው። የአማርኛው ጠመንጃ እዚህ ዘመዶቹን ያገኛል።

የአማርኛው «መ» ከየት እንደ መጣ ሁለት አማራጭ ይታሰባል፦ በቀይ ባሕር ወደቦች ይነግዱ ከነበሩት ሕንዶች፣ ወይም በቋንቋው ውስጥ ከተደረገ ለውጥ። ትግርኛ ነገሩን ይፈታዋል። ትግርኛ «ጠበንጃ» ይላል፤ «በ»ን እንደ ቱርክኛው ጠብቋል። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማኖች እጅ ስለነበረች ቃሉ ወደ ደጋው የሚወጣበት መንገድ በትግርኛ ተናጋሪው በኩል ነው። ስለዚህ «በ» ጥንታዊው ሲሆን «መ» በአቅራቢያው ባለው «ን» ተስቦ የተገኘ አፍንጫዊ ድምፅ ነው ብሎ መውሰድ ይቀላል። ትርጉሙም ተዛውሯል፤ በሌሎቹ ቋንቋዎች አጭሩ መሣሪያ የነበረው በአማርኛና በትግርኛ ረጅሙ ሆነ። አጭሩ ደግሞ አማርኛ ላይ «ሽጉጥ» ተባለ፤ ከሸጎጠ የወጣ፣ ሙሉ በሙሉ የአገር ቤት ስም። በስሞቹ መካከል ለየት ያለው እርሱ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከሚተኮስበት ሳይሆን ከሚቀመጥበት ሁኔታ ነው።

ከሁሉ የሚማርከው የእርሳስ ነገር ነው። የዐረብኛው ረሳስ ማዕድኑም ጥይቱም ነው። ስዋሂሊ ሁለቱንም ወሰደ፤ «ሪሳሲ» በናይሮቢ ጋዜጣ ላይ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጥይት ነው። የአማርኛው «እርሳስ» ማዕድኑ ሲሆን የዕለት ተዕለት ትርጉሙ የተማሪ መጻፊያ ነው። አንድ ሕፃን በፓርክላንድስ ትምህርት ቤት «እርሳሴ ጠፋ» ብሎ በአማርኛ ቢናገር የስዋሂሊ ተናጋሪ ጓደኛው የሚሰማው የሚያስደነግጥ ቃል ነው። አማርኛ ለጥይት የወሰደው ሌላውን፣ ጥንታዊውን ነው፦ በግእዝ ዐረር የማዕድኑ ስም ነበር፤ በአማርኛ «አረር» የሚገድለው ሆነ። ሁለት ቋንቋዎች፣ ሁለት የማዕድን ስሞች፤ ሁለቱም በአዳኙ የእርሳስ ማቅለጫ ውስጥ አልፈው ወጥተዋል። ከአፉ በሚሞላ ጠመንጃ ዘመን ጥይት የሚገዛ ሳይሆን የሚቀልጥና በቅርጽ የሚፈስስ ስለነበረ ማዕድኑና ጥይቱ በአንድ ስም ቢጠሩ የሚደናገር አልነበረም።

ግሦቹ ከዚህ ይለያሉ። «ደገነ» ከደጋን የመጣ ነው፤ ቀስት ይለጥጥ የነበረው እጅ ጠመንጃ ሲይዝ ግሡን ይዞ መጣ። «ተኮሰ» ቀድሞ በጋለ ብረት ቁስልን ወይም ከብትን ማቃጠል ነው፤ ዛሬም ልብስ ይተኮሳል። ጠመንጃ እንዴት ይህን ግሥ እንደ ወረሰ የሚያስረዳው የመጀመሪያው የጠመንጃ ዓይነት ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ የበዛው ጠመንጃ በተለኮሰ ገመድ የሚነሣው ነበር፤ የሚጤሰው ገመድ ጫፍ ወደ ባሩዱ ይነካል፤ መድፍም እንዲሁ ከጀርባው በእሳት ይነካል። ፍም ይዞ ቆዳ የሚነካ ሐኪምና ፍም ይዞ ባሩድ የሚነካ ነፍጠኛ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ አላቸው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከጽሑፍ እስኪገኝ ድረስ ተኮሰ የገመዱ ዘመን ልጅ ነው ብሎ መያዝ ተገቢ ይመስላል፤ ምላጭ ስቦ የሚተኩስ ሰው ይህን ግሥ ለመምረጥ ምክንያት አልነበረውም።

«ጎረሰ» ግን ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ስለ ማኅበራዊው ነገር ነው። በአበሻ ማእድ ላይ ጉርሻ በሌላ እጅ ወደ አፍ የሚገባ፣ በልክ የተጠቀለለ ነው። ባሩዱ ተሰፍሮ፣ እርሳሱ በጨርቅ ተጠቅሎ ወደ አፈሙዙ ሲገባ የሚታየው ይኸው ሥዕል ነው። ጠመንጃው በላ አይባልም፤ ጎረሰ ይባላል፤ የሚያጎርሰው ሌላ ሰው ነውና። በታላላቅ ሰዎች ዘንድ ጠመንጃውን የሚሸከምና የሚያሰናዳ ጋሻ ጃግሬ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ወጣት ነበር። በነገራችን ላይ አፍ ከአፍ የተገናኘበት ሌላ ታሪክ አለ፦ እንግሊዞች በ1853 ያወጡት የኢንፊልድ ጠመንጃ ባሩዱና እርሳሱ በቅባት በተነከረ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር፤ ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን ወደ አፈሙዙ ያፈስሰዋል። ቅባቱ የላምና የአሳማ ነው የሚለው ወሬ በ1857 ለተነሣው የሕንድ ወታደሮች አመፅ አንዱ ምክንያት ሆነ። የጠመንጃ ጉርሻ ከሰው ጉርሻ የራቀ አልነበረም።

የስዋሂሊውም ግሥ «ሺንዲሊያ» ነው፤ መጠቅጠቅ፣ ወደ ታች መጫን ማለት ነው፤ በቆዩ መዛግብት ጠመንጃ መሙላትን የሚገልጸው እርሱ ነው። መተኮስ በስዋሂሊ «ፒጋ» ነው፤ መምታት። የጥይት ሙሊት «ኪያሲ» ይባል ነበር፤ ይኸውም «መጠን» ማለት ነው። ባልጩት ያለው ጠመንጃ «ጉሜጉሜ»፣ የመቀጣጠያው ቆብ «ፋታኪ» ይባል ነበር። ከአፉ የሚሞላው ደግሞ «ጎቦሬ» ነው። ስሞቹ ከዐረብኛና ከሌሎችም የተቀላቀሉ ሲሆኑ ሺንዲሊያና ፒጋ ባንቱ ናቸው። መርከብ ዕቃ ያመጣል፤ እጅ ግን ዕቃውን የሚያውቀው በሚያውቀው ሥራ ነው።

ሁለቱን የቃላት ዓለሞች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየት ይቻላል። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 ከካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ ጋር ወደ ሸዋ ወጣ፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት እስከ 1842 ቆየ። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841 ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ አንጎለላ ላይ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ፤ ንጉሡ ከሁሉ አብልጦ የፈለገው ጠመንጃና መድፍ ነበር፤ ልዑኩም ይዞ መጥቷል። ክራፕፍ ኢትዮጵያ ከተዘጋችበት በኋላ በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ ካረፈ በኋላ በ1882 ወጣ። የሁለቱ አገሮች የቃላት ሰብሳቢዎች ሥራቸውን የጀመሩት ከአፉ የሚሞላው ጠመንጃ ገና ዋነኛው መሣሪያ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እነዚህ የቆዩ መዛግብት ከኋለኞቹ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ዋጋ አላቸው።

ከዚያ በፊት ለተደረገው አንድ ታዋቂ ማስረጃ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 ገደማ ጎንደር ሳለ እርሳስ በሌለበት ጠመንጃ ውስጥ ግማሽ የሞራ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻዎችን አንድ ላይ እንደ በሳ፣ ቀጥሎም ጠረጴዛ እንደ በሳ ራሱ ጽፏል። ብሩስ ራሱን ማግነን ይወድ እንደ ነበር የታወቀ ቢሆንም ነገሩ በፊዚክስ የሚቻል ነው። ለቋንቋ አጥኚው ያለው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ከአፉ የሚሞላ ጠመንጃ የሚጎርሰውን አይመርጥም። ሻማም፣ ጠጠርም፣ የተቆራረጠ ብረትም ይጎርሳል።

የስም ታሪክ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያ 10 ቀን 1868 እሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ተጋጠመ። የንጉሡ ሰዎች ይዘውት የነበረው ከአፉ የሚሞላ፣ ብዙው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ነበር። ዝናብም ወርዶ ነበር። የእንግሊዝ እግረኞች የያዙት ስናይደር ነው፤ ይህ ጠመንጃ ያው የ1853ቱ ኢንፊልድ ሲሆን ከኋላው ተቆርጦ መዝጊያ ተበጅቶለት ከኋላ እንዲጎርስ የተደረገ ነው። በደንብ የሠለጠነ ወታደር በኢንፊልዱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ሲተኩስ በስናይደሩ ዐሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል። አብረዋቸው የነበሩት የሕንድ ጓዶች ከ1857 በኋላ በነበረው አለመታመን ምክንያት አሁንም ከአፉ የሚሞላውን ይዘው ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ሃያ ያህል ናቸው። ሦስት ቀን ቆይቶ መቅደላ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የገቡት ስሞች ሌላ ዓይነት ናቸው። «ሰናድር» ከስናይደር ነው፤ «ውጅግራ» ከፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ «መትረየስ» ከፈረንሳይኛ ነው። ነፍጥና ጠመንጃ የዓይነት ስሞች ናቸው፤ ሰናድርና ውጅግራ ግን የፋብሪካና የፈልሳፊ ስሞች ናቸው። ለምን ሕዝቡ በድንገት የፈልሳፊውን ስም ማወቅ አስፈለገው? መልሱ በቀለሁ ውስጥ ይገኛል። ከአፉ የሚሞላ ጠመንጃ ባለቤቱ ራሱ የሚያቀልጠውን እርሳስ ይጎርሳል፤ ከኋላው የሚጎርሰው ግን ከልኩ ሌላ ቀለህ አይቀበልም። የሰናድር ጥይት ለውጅግራ አይሆንም። ስለዚህ ገበያ ላይ ጥይት የሚጠይቅ ሰው የጠመንጃውን ስም መጥራት ግድ ሆነበት። የፋብሪካ ስሞች ወደ አማርኛ የገቡት በክብር ሳይሆን በጥይት ግዢ ነው ማለት ይቻላል። የባሩድ መቀጣጠያ ቆብም ይህን ሽግግር ቀድሞ ያስታወቀ ነበር፤ ባልጩት ከመሬት ይለቀማል፤ ገመድም ይገመዳል፤ የቆቡን ፈንጂ ግን በአገር ውስጥ መሥራት አይቻልም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ መሳፍንትና ስለ ጠመንጃ ሪቻርድ ኮልክ በ1972 ያሳተመው ጥናት የመሣሪያ ብዛት ከወደብ ጋር ከተያያዘው ሥልጣን ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ያስረዳል፤ የቃላቱ ታሪክም በዚያው ወደብ ያልፋል።

ግሦቹስ? ከጎረሰ ጎን «አቀባበለ» ተጨመረ። አቀባበለ መዝጊያውን ስቦ ጥይቱን ከማኅደሩ ወደ በርሜሉ ማሻገር ነው፤ አንዱ ሰጥቶ ሌላው የሚቀበልበት ሥዕል ነው፤ ይህ ከአፉ በሚሞላው ጠመንጃ ላይ ሊሆን የሚችል ነገር አልነበረም። ነገር ግን አቀባበለም የአገር ቤት ግሥ ነው። መሣሪያው ሲለወጥ ስሞቹ ከውጭ ሲመጡ ግሡ ግን ከቤት መጠራቱን ቀጠለ።

ከሁሉ በላይ የሰፋው ግሥ «ከሸፈ» ነው። ባሩዱ ሲረጥብ፣ ባልጩቱ ፍንጣሪ ሳያወጣ ሲቀር፣ ቀዳዳው በጥላሸት ሲደፈን ጠመንጃ ይከሽፋል፤ ከአፉ የሚሞላ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይህን በየዕለቱ ያየዋል። ዛሬ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል፣ ዕቅድ ይከሽፋል፤ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የተሰኘ መጽሐፍ በ2005 ዓ.ም. ወጥቶ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል። በክርክሩ ውስጥ ከሸፈ «ወደቀ» ወይም «ተበላሸ» ከሚሉት ጋር እኩል ሲወሰድ ይታያል። ይህ ትክክል አይደለም። የከሸፈ ጠመንጃ አልተሰበረም፤ ጎርሷል፣ ተደግኗል፣ ምላጩም ተስቧል፤ እሳቱ ብቻ ወደ ውስጥ አልደረሰም። ጉርሻው አሁንም በውስጡ ነው፤ ስለዚህም አደገኛ ነው። ወጣት አዳኞችን የሚያሠለጥን ሁሉ ጠመንጃ ከከሸፈ በኋላ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ለጥቂት ጊዜ መጠበቅ ግዴታ መሆኑን ያስተምራል፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላልና። አንድ ቃል የአንድን አገር ታሪክ የሚገልጽ ሆኖ ሲቀርብ ይህ የፍቺ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ነፍጠኛ የሚለው ቃል ዕጣ ደግሞ የከፋ ነው። መጀመሪያ የሙያ ስም ነው፤ ነፍጥ የያዘ ወታደር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ ከዘመቱት ወታደሮች ብዙዎቹ በዚያው ሰፈሩ፤ ገባርም ተመደበላቸው፤ ቃሉ ያኔ የመሬት ሥሪት ቃል ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ሰዎችን በወገን የሚፈርጅ የፖለቲካ ቃል ሆኗል፤ ሰው ሲገደልም ተነግሯል። ሥርወ ቃሉ ለማንኛውም ወገን ምስክር አይሆንም። ናፍጥ ዘይት ነበር፤ ከዚያ ባሩድ፤ ከዚያ መሣሪያ፤ ከዚያ የመሣሪያው ባለቤት፤ ከዚያ የመሬቱ ባለቤት፤ ከዚያ ስድብ። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ዘመንና የራሱ ሰዎች አሉት፤ የመጨረሻውን እርምጃ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ጸሐፊ በመካከል ያሉትን አራት መቶ ዓመታት ይዘላል።

የቀረው የመስክ ሥራ ነው። ኬንያ በ1977 አደንን በሙሉ ከለከለች፤ ስለዚህ በፓርክላንድስም ሆነ ከናይሮቢ ውጭ ባሉ ገጠሮች ጎቦሬን የሚያውቅ ሽማግሌ ስለ እርሱ በግልጽ ለመናገር ይቸገራል። በታንዛኒያ ገጠሮች ጎቦሬ እስከ ቅርብ ጊዜ በአዳኞች እጅ ይገኛል፤ የስዋሂሊው ቃላት ሕያው የሆኑት እዚያ ነው። በአማርኛ በኩል ከአፉ የሚሞላውን ጠመንጃ በእጁ የሞላ ሰው ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ያሉት ከአባቶቻቸው የሰሙ ናቸው። መዝገበ ቃላት ቃሉን ከነፍቺው ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉን አይሰጥም። ስለዚህ ጠያቂው «ይህ ምን ይባላል?» ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ቀጥሎስ?» ብሎ ቢጀምር፣ በእጁም ባዶ ዘንግና ቀርከሃ ሰጥቶ ቢያሠራው፣ ስሞች ሳይሆኑ ግሦች ቀድመው ይመጣሉ። በተለይ አንድ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም፦ የጎረሰው ካልጎረሰው በምን ይታወቃል? የሚጠበቀው መልስ ስለ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ወደ በርሜሉ ሲሰድ በባዶው እስከ ታች ይወርዳል፤ በጎረሰው ላይ ግን ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጠንቃቃ አዳኝም ያንን ልክ ዘንጉ ላይ በቢላ ጭሮ ምልክት ያደርግበታል።